ፓይተን፣ ጃቫስክሪፕት ወይስ ሲ ፕላስ ፕላስ? በየቱ ልጀምር?

የደብረ ሲናዋ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዘንድሮ 12ኛ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነው። ቀን ቀን እናቴን ቆሎ መሸጫው ላይ አግዛለሁ፤ ማታ ማታ ነፃ ነኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ አሮጌ ላፕቶፕ ልኮልኛል። ዊንዶውስ 7 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ዋይፋይ የለንም፤ በስልኬ ዳታ ነው የምጠቀመው።

ይህን ክረምት ኮድ መጻፍ መማር እፈልጋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ግቢ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ «ሲ ፕላስ ፕላስ ሳታውቂ ሌላውን አትንኪ» ይለኛል። የወንድሜ ጓደኛ ጃቫስክሪፕት ይላል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ሁሉም ፓይተን ነው። የቱ ይሻላል የሚል ቪዲዮ ሳይ ሦስት ሳምንት አለፈ። ፓኬጄ አለቀ፣ እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሒሳብ እወዳለሁ። እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። እባካችሁ ምከሩኝ።

መንዜው ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ከሁሉም ያሳሰበኝ ያ ሦስት ሳምንት ነው። ቁርጡን ልንገርሽ፤ በፓይተን ጀምሪ። ዛሬ ማታ።

ለምን እንደምልሽ ከራሴ ልነሳ። እኔ ግቢ ስገባ የጠበቀኝ ሲ ፕላስ ፕላስ ነበር። ኮምፒውተሩ ለሁላችንም አይበቃም፤ ኮዱን ወረቀት ላይ ነበር የምንጽፈው። የጻፍኩት ይሥራ አይሥራ የማውቀው ከሳምንት በኋላ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ሲመለስልኝ ነው። ሴሚኮለን ረሳሁ ተብዬ ነጥቤ ሲቀነስ ሁለት ጊዜ እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ጭንቅላቴ ለዚህ አይሆንም ብዬ ደምድሜ ነበር። ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመለሰኝ የአባቴ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቆጠራ ስሌት ነው። አባቴ መሐል ሜዳ አካባቢ ቄስ ናቸው። ጳጉሜን በመጣች ቁጥር በጣታቸው ቆጥረው አዲሱ ዓመት በምን ቀን እንደሚውል ይነግሩናል። ስሌቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፓይተንን እንደጫንኩ መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው። ሒሳቡን አውቀዋለሁ፣ መልሱንም አውቀዋለሁ፤ አዲስ የሆነብኝ ቋንቋው ብቻ ነበር። አንድ ማታ በቃኝ።

አንቺም እንዲህ ብለሽ ጻፊው፤ ዓመተ ዓለም የሚባለው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት ነው፦

ዓመት = 2018
ዓመተ_ዓለም = 5500 + ዓመት
ወንጌላዊ = ዓመተ_ዓለም % 4

አዎ፣ በራሳችን ፊደል። ፓይተን 3 የቫሪያብል፣ ማለትም ቁጥሩን የምንይዝበትን፣ ስም በአማርኛ ይቀበላል። ያቺ የፐርሰንት ምልክት እዚህ ሥራዋ ሌላ ነው፤ ተካፍሎ የሚተርፈውን ትሰጥሻለች። 7518 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥለሽ መጠነ ራብዒትን አውጪ። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍለሽ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ መያዝ ነው። እሱን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሪና በ7 ግደፊው፤ ለ7 አካፍለሽ የሚተርፈውን ያዢ ማለት ነው። 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ይህን ራስሽ ሞክሪው።

ዊንዶውስ 7 ላይ አዲሶቹ ፓይተኖች አይጫኑም። 3.8ን አውርጂ፣ 30 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። አንዴ ከጫንሽው ያለ ዳታ ይሠራል። አብሮት የሚመጣው አይድል የሚባል መጻፊያ ለጊዜው ይበቃሻል።

ከሸዋ ሮቢት

እኔ በጃቫስክሪፕት ነው የጀመርኩት፣ አልተጸጸትኩም። ምንም አይጫንም። ክሮም ካለሽ ኤፍ 12ን ተጫኚና ኮንሶል የሚለው ውስጥ ጻፊ፣ አለቀ። ድረ ገጽ መሥራት ካማረሽ የትም ዞረሽ የትም እሱ ጋ ትመጫለሽ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሥር ቀን ነው መነሻውን የሠራው፤ አንዳንድ ነገሩ ጀማሪን ያደናግራል። ለአክስቴ ሱቅ ሒሳብ ስሠራ 5 ላይ 1 ደምር ብለው 51 አለኝ። ሰው ገጹ ላይ ባለው መሙያ ሳጥን ውስጥ የሚጽፈው 5 ለእሱ ጽሑፍ ነውና 1ን አጠገቡ ለጠፋት። ስቀንስ ግን 4 ብሎ በትክክል ይሠራል! አንድ ሙሉ ማታ ፈጀብኝ። ሒሳብ ከወደድሽ መንዜው ያለሽን ስሚ፤ ጃቫስክሪፕት አይሸሽም።

ኮደር ከእነዋሪ

የጎረቤትሽም ልጅ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። አሁን የምትጭኚው ፓይተን ራሱ የተጻፈው የሲ ፕላስ ፕላስ መነሻ በሆነው በሲ ነው። ግቢ ስትገቢ ሲ ፕላስ ፕላስ ቢመጣብሽ አትደንግጪ፤ ኢፍ (እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ) እና ሉፕ (ይህን ደጋግም) ሐሳባቸው በሁሉም አንድ ነው፣ አጻጻፋቸው ነው የሚለየው። መጀመሪያ ማሰቡን ልመጂ።

የደብረ ሲናዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ 3.8ን ጭኜ ጻፍኩት። ወንጌላዊው ልክ 2 አለኝ። ቀኑ ላይ ግን 3.5 ይለኛል። ደጋግሜ አየሁት፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አልገባኝም። 3.5 የሚባል ቀን የለም።

መንዜው ከደብረ ብርሃን

ጎበዝ! እኔም እዚያው ጋ ነው የወደቅሁት። መጠነ ራብዒቱን ስታካፍዪ አንድ ስላሽ / ነው የጻፍሽው፣ አይደል? አንዷ ስላሽ ከነነጥቡ 1879.5 ትሰጥሻለች። ሁለት ስላሽ // አድርጊው፤ ግማሹን ትጥልና 1879 ትይዛለች። አባቴ በጣታቸው ሲቆጥሩ ግማሿን ዝም ብለው ይተዋሉ። ማሽኑ ግን ተው ካላሉት አይተውም።

ሲ ፕላስ ፕላስ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ከሆኑ በአንዷም ስላሽ ይጥለዋል። የድሮው ፓይተን 2ም እንደዚያው ነበር። ስለዚህ አሮጌ ትምህርት ሲያጋጥምሽ ተጠንቀቂ፤ ፓይተን 2 ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2020 ተቋርጧል።

የደብረ ሲናዋ

ሠራ! 3 አለኝ፣ ሐሙስ። የዘንድሮው እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር የዋለው፣ እናቴም አስታወሰች።

ከዚያ ቁጥሩን እየቀየርኩ ቀጠልኩ። 2019 ዓርብ ሆነ። 2020 ግን እሑድ አለኝ፣ ቅዳሜን ዘለለው። አሁንም ያበላሸሁ መስሎኝ ጠዋት ጎረቤታችን መሪጌታ ጋ ሄድኩ። ላፕቶፑን ሳያዩ በጣታቸው ቆጠሩና «እሑድ ነው» አሉኝ። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ወንጌላዊው እኮ 3 ብሎ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት።

አሁን ዓመቱን አንድ በአንድ ከምቀይር ከ2018 እስከ 2030 ያለውን በአንዴ እንዲያወጣልኝ እፈልጋለሁ። ሉፕ የሚሉት እሱን ነው?