እምነቴ ሥር እንዳለው በምን ልወቅ?

ሰላም ወገኖች። ጌታን ካመንኩ ዓመታት አልፈዋል። ግን ማቴዎስ 13 ላይ በጭንጫ የተዘራውን ዘር ምሳሌ ካነበብኩ ወዲህ ውስጤ አላርፍ ብሏል። በዚያ ዘር የተመሰለው ሰው እኮ ቃሉን በደስታ ነው የተቀበለው! ሥር እንደሌለው የታወቀው መከራ ሲመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ በእምነቴ ምክንያት እስካሁን ይህ ነው የሚባል ነገር አልደረሰብኝም። ጉባኤ ላይ ስንዘምር እንባዬ ይፈሳል፣ ብቻዬን በሬን ዘግቼ ስንበረከክ ግን ትንሽ እንደተናገርኩ ቃል ያጥረኛል። 2ኛ ቆሮንቶስ 13፥5 ራሳችሁን መርምሩ ስለሚል የእውነተኛ አማኝ ምልክቶችን የሚናገረውን 1ኛ ዮሐንስን ይዤ ራሴን ለመመዘን ሞከርኩ። አንድ ቀን ያጽናናኛል፣ በማግስቱ ያው ምዕራፍ ያስጨንቀኛል። አንድ ሽማግሌ ባማክር "አትጠራጠር" ብለውኝ አለፉ። መከራው ሳይመጣ በፊት፣ እየደከመም ቢሆን በእውነት የሚያምን ሰው ሥር ከሌለው ሰው በምን ይለያል?