ሙድል ላይ የሚድ ፈተና፦ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የተማሪ መልስ እንዳይጠፋ ምን ላስተካክል?

የቅዳሜ መምህር (ሀዋሳ)
ሰላም መምህራን። ሀዋሳ ላይ የኤክስቴንሽን ተማሪዎችን አስተምራለሁ። 85 ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሻሸመኔና ከይርጋለም ስለሚመላለሱ ሚዱን ሙድል በሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም፣ ባሉበት ሆነው በስልክ እንዲወስዱ ታስቧል። 40 የምርጫ ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ፣ ከ30 የሚያዝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ። ባለፈው ኩዊዝ ኔትወርክ የጠፋባቸው ተማሪዎች የመለሱት ሳይቆጠር ውጤታቸው ባዶ ሆኖ ቀረ። የትኛው ሴቲንግ ነው ይህን የሚያደርገው? ጥያቄዎቹ ደግሞ ዎርድ ላይ በአማርኛ ተጽፈው ያሉ ናቸው፤ አንድ በአንድ ከመገልበጥ ሌላ መላ አለ?

ሰርቨር ጠባቂ
የኩዊዙን ሴቲንግ ከፍተው ታይሚንግ የሚለው ክፍል ውስጥ ይግቡ። ሰዓቱ ሲያልቅ ምን ይሁን የሚል ሦስት ምርጫ ያለው መስመር አለ። አንደኛው ያልተላከውን ሥራ በራሱ ይልካል። ሁለተኛው ለመላኪያ ብቻ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል፤ በዚያ ጊዜ መልስ መሥራት አይቻልም። ሦስተኛው ሰዓቱ ሳያልቅ ካልተላከ አይቆጠርም የሚል ነው። የእርስዎ ሦስተኛው ላይ የነበረ ይመስላል፤ አንደኛው ላይ ያድርጉት።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ገጹ ክፍት ከሆነ ሰዓቱ ሲያልቅ የተማሪው ብራውዘር ራሱ ይልካል። ተማሪው ዘግቶ ከወጣ የሚልክለት ሰርቨሩ ላይ በየደቂቃው በራሱ መሮጥ ያለበት ክሮን የሚባል ፕሮግራም ነው። ክሮን ከቆመ ሙከራው (ተማሪው የጀመረው ፈተና) "በሂደት ላይ" እንደተባለ ይቀራል፣ ውጤትም አይወጣም፤ የተቀመጠው መልስ ግን አልጠፋም። አይሲቲ ክፍሉ ክሮን መሥራቱን ከቅዳሜ በፊት እንዲያይልዎ ይጠይቁ።

ታቦር
ሌይአውት (የገጽ አደራደር) ላይ 40ውንም በአንድ ገጽ አይደርድሩ። መልስ በእርግጠኝነት የሚቀመጠው ተማሪው ገጽ ሲቀይር ነው። ከዚያ ውጭ አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር ሙድል በየ60 ሰከንዱ ገደማ በራሱ ለማስቀመጥ ይሞክራል። 5 ጥያቄ በገጽ ያድርጉ፣ 8 ገጽ ይሆናል። ወደ ኋላ መመለስ የሚከለክለውን የናቪጌሽን ምርጫም አይጠቀሙ።

ፍቅር ሐይቅ
በዚህ ከታቦር ጋር አልስማማም። ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት "ቀጣይ" የነካ ተማሪ የሚያየው የብራውዘር ስህተት ነው፤ ቆሞ ይጠብቃል። ገጹ ረዘም ያለ ከሆነ ግን ኔትወርክ እስኪመለስ መሥራቱን ይቀጥላል። ሙድል ግንኙነት ተቋርጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ገጹ ሳይነካ ከቆየ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ መልሱ ይቀመጥና ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ተማሪዎቹ ሪፍሬሽ እንዳያደርጉ ከወዲሁ በቴሌግራም ግሩፕ ይንገሯቸው። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ታቦር
ልክ ነው። ግን ራም ያነሰው ስልክ ጥሪ ሲገባ ገጹን ራሱ ሪፍሬሽ ያደርገዋል፤ ያኔ ያልተቀመጠው ሁሉ ይሄዳል። እንግዲያው 10 በገጽ ይሁን፣ 4 ገጽ።

የሙድል አፕን በተመለከተ፦ ያለ ኢንተርኔት ፈተና መውሰድ የሚፈቅደው ምርጫ የጊዜ ገደብ ካለው ኩዊዝ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ለእርስዎ ብራውዘር ይሻላል።

ሀ ለ ሐ መ
ስለ ጥያቄዎቹ፦ አይከን የሚባለውን፣ ጥያቄዎቹን በአንድ ፋይል ሙድል ላይ የሚያስገባ ፎርማት ይጠቀሙ። ጥያቄው በአንድ መስመር፣ ምርጫዎቹ ከሥሩ በየመስመራቸው፣ መጨረሻ ላይ የመልሱ መስመር፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። ሰው የሚሳሳተው ምርጫዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ሲተው ነው፤ ሙድል አያውቃቸውም። የምርጫው ፊደልና "አንሰር" የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ካፒታል መሆን አለባቸው፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ነጥብ ወይም ቅንፍ፣ ከ"አንሰር" ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ይከተላል። የጥያቄውና የምርጫው ጽሑፍ እንዳለ በአማርኛ ይቆይ።

ከዎርድ ሲያወጡ ፕሌይን ቴክስት ብለው ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ይምረጡ፤ አለዚያ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የጥያቄ ተራ ቁጥሮችንም ያጥፉ፣ ቅደም ተከተሉ ሲቀያየር 17 ከ3 በፊት እየመጣ ያደናግራል። "ሁሉም መልስ ናቸው" የሚል ምርጫ ያለበትን ጥያቄ ለይተው የምርጫ ማቀያየሪያውን ያጥፉበት።

የቅዳሜ መምህር
ተባረኩ። የፋይሉ ነገር ተሳካ፣ 40ውም ገባ። በፈተናው መሐል ስልኩ የተዘጋበት ተማሪ ቢኖርስ? ሰዓቱንም 8:00 ብዬ ሞልቻለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ
8:00 ከሆነማ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይከፈታል! ሙድል የሚቆጥረው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ከሰዓት 8 ሰዓት ማለት 14:00 ነው። መዝጊያውን 15:15 ያድርጉት፤ 10 ደቂቃ ዘግይቶ የገባ ተማሪ 60 ደቂቃው እንዳይቆረጥበት። ወሩና ቀኑም በፈረንጅ ነው። የቴሌግራሙ ማስታወቂያ ላይ ግን በእኛው ሰዓት ይጻፉላቸው።

ስልኩ የተዘጋበት ተማሪ በሌላ ስልክ ገብቶ ሙከራውን መቀጠል ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምለትም። ሥራው ከመላኩ በፊት ኦቨርራይድስ (ለአንድ ተማሪ ብቻ ሴቲንግ መቀየሪያ) ውስጥ ገብተው በስሙ 60ውን 75 ቢያደርጉት ይራዘምለታል፤ ከ15:15 የሚያልፍበት ከሆነ መዝጊያውንም እዚያው ያርዝሙለት። ከተላከ በኋላ ከሆነ እዚያው ሁለተኛ ሙከራ ይፍቀዱለት። ሙከራው ካለፈው እንዲቀጥል የሚያደርገውን ምርጫ በኩዊዙ ሴቲንግ ካበሩለት የመጀመሪያ መልሶቹን ይዞ ይገባል።

ፍቅር ሐይቅ
ሁለት ነገር ልጨምር። የኩዊዙ ጣሪያ ውጤት ካልቀየሩት 10 ነው፤ የጥያቄዎቹ ገጽ ላይ 30 ብለው ያስቀምጡ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ 0.75 ይሆናል። ሪቪው ኦፕሽንስ (ተማሪው ምን መቼ እንደሚያይ መወሰኛ) ላይ ደግሞ ትክክለኛውን መልስ የሚያሳየውን ምልክት ኩዊዙ ከተዘጋ በኋላ ከሚለው ዓምድ በስተቀር ከሁሉም ያንሱ፤ ኦቨርራይድ የሰጡት ተማሪ ካለ እሱ እስኪጨርስ ከዚያም ያንሱት። አለዚያ ቀድሞ የጨረሰ ተማሪ ስክሪንሾቱን ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል።