የሞተር ሙቀት መለኪያ በኤሌክትሪክ ረብሻ ሲዛባ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ
በግል በተገጣጠመች አነስተኛ አውሮፕላን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ፣ የጭስ ማውጫ ጋዝ ሙቀት የሚለኩ ኬ ዓይነት ቴርሞካፕሎች (ሙቀትን ወደ ጥቃቅን ቮልቴጅ የሚለውጡ፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠሩ ሽቦዎች) ገጥሜ ከዲጂታል ማሳያ ጋር አገናኝቻቸዋለሁ። ኦልተርኔተሩ (በሞተሩ የሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ) ጠፍቶ ሳለ ንባቡ የተረጋጋ ነው። ኦልተርኔተሩ ሲበራ ግን የአራቱም ሲሊንደሮች ንባብ በአንድ ጊዜ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይወርዳል፤ በራዲዮ ስናገር ደግሞ ቁጥሮቹ ያለ ሥርዓት ይዘላሉ። ሽቦዎቹን በሙሉ ሺልድ (ረብሻን የሚከላከል የብረት ሽፋን) ባለው ኬብል ለመቀየር አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከአቪዮኒክስ ቴክኒሻን
ኬብሉን ለመቀየር አይቸኩሉ፤ የገለጿቸው ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸውና። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ለአንድ ዲግሪ የሚያመነጨው 41 ማይክሮቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የ35 ዲግሪ ስህተት ለመፍጠር 1.4 ሚሊቮልት ይበቃል። የቴርሞካፕልዎ ጫፍ ከብረት ሽፋኑ ጋር የተበየደ ከሆነና ማሳያውም ኔጌቲቩን ከራሱ ማሳ (የጅረት መመለሻ ከሆነው የጋራ ኔጌቲቭ) ጋር የሚያገናኝ ከሆነ፣ በሞተሩ አካልና በማሳያው ማሳ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በቀጥታ ንባቡ ውስጥ ይገባል። ኦልተርኔተሩ ኃይል ሲሰጥ ጅረቱ የሚመለሰው ሞተሩን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር በሚያገናኘው የማሳ ገመድ በኩል በመሆኑ፣ ገመዱ ቀጭን ወይም ጫፉ የዛገ ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። መብራቶችን ሲያበሩ ንባቡ ይበልጥ ከወረደ ምክንያቱ ይኸው እንደሆነ ያረጋግጣል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ሺልድ አያስተካክለውም።

ልዩነቱን በመልቲሜትር የሚሊቮልት መለኪያ ይለኩ። መለኪያውን ግን ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ያገናኙ፤ ገመዱን ከፕሮፔለሩ አርቀው ወደ አብራሪው ክፍል ይሳቡት፣ ጎማዎቹንም ያስደግፉ። ይህን ጥንቃቄ አደራ እላለሁ።

መልስ፣ ከኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ
በተባለው እስማማለሁ። ጫፋቸው ከሽፋኑ የተነጠለ ቴርሞካፕሎችን መግጠምም አንድ አማራጭ ነው፤ ምላሻቸው በጥቂቱ ይዘገያል እንጂ የማሳውን መንገድ ይቆርጡታል። ልዩ ልዩ የቴርሞካፕል ቺፖች፣ ለምሳሌ ማክስ 31855፣ ኔጌቲቩ ከማሳ ጋር እንዲገናኝ ስለማይፈቅዱ፣ ማሳያው በየትኛው ቺፕ እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

የራዲዮው ችግር ግን ሌላ ነው። የአቪዬሽን ድምፅ ራዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፤ የቴርሞካፕሉ ሽቦ እንደ አንቴና ሆኖ ይህንን ሞገድ ይቀበልና በማሳያው አምፕሊፋየር (የምልክት ማጉያ) መግቢያ ላይ ወደ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይለወጣል። ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ያጠማዝዟቸው፣ ከአንቴናው ኬብል ያርቋቸው፣ ወደ ማሳያው ከመግባታቸው በፊትም ለዚህ ሞገድ የሚስማማ ፌራይት (በሽቦው ላይ የሚጠለቅ፣ የራዲዮ ሞገድን የሚያዳክም ቀለበት) ይግጠሙ። ከሁሉ አስቀድመው ግን የአንቴናውን ኬብል ማገናኛዎች ይፈትሹ፤ የላላ ሽፋን ያለው ኬብል የራዲዮ ኃይልን በክፍሉ ውስጥ ሁሉ ይረጫልና።

ከጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። በማሳያው ማሳና በሞተሩ አካል መካከል ኦልተርኔተሩ በርቶ 1.5 ሚሊቮልት አገኘሁ፤ የማረፊያ መብራት ሲጨመር ወደ 2.6 ከፍ አለ። የማሳ ገመዱ ጫፍ ከቀለም በላይ ታስሮ ነበር። ቀለሙን ፍቄ በወፍራም ገመድ ስተካው ልዩነቱ ወደ 0.2 ወረደ፣ የንባቡም መውረድ ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ቀነሰ። የራዲዮው መዝለል ግን አልጠፋም።

መልስ፣ ከአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ
የማሳው መስተካከል ትልቅ ነገር ነው፤ ከእውነተኛው በታች የሚያሳይ መለኪያ ነዳጁን በማቅጠን (ከአየሩ አንጻር ነዳጁን በመቀነስ) ጊዜ አብራሪውን ያሳስታልና። አሁን ወደ ፌራይቱና ወደ አንቴናው ይሂዱ። ሽቦውን ማስረዘም ካስፈለገ በተራ መዳብ ሳይሆን በኬ ዓይነት ማስረዘሚያ ሽቦ ይሁን፤ መዳብ የሚጀምርበት ቦታ በሞተሩ ክፍል ሙቀት የሚለዋወጥ ሌላ ስህተት ይፈጥራል። ፖላሪቲውንም (የትኛው ሽቦ ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጌቲቭ እንደሆነ) ልብ ይበሉ፦ በአሜሪካ ስታንዳርድ ቀዩ ሽቦ ኔጌቲቭ ነው፣ ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስባል።

ሺልድ ከተጠቀሙም በማሳያው በኩል ብቻ ከማሳ ጋር ያገናኙት፤ በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ የኦልተርኔተሩ ጅረት ከፊሉ በሺልዱ ውስጥ ይመለሳል። የማግኔቶ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ) ማጥፊያ ሽቦም ሺልዱ ሳይበጠስ መኖሩን ይመልከቱ፣ የቴርሞካፕሉንም ሽቦ ከእርሱና ከካንዴላ ገመዶች ጋር በአንድ ጥቅል አይሰሩ። መሻገር ግድ ከሆነ በቀጥተኛ ማዕዘን ይሻገር።