ስለ ኬንያው ናንዲ ህዝብ የሚያውቅ አለ? ንጉስ ሳይኖራቸው እንግሊዝን አስር አመት እንዴት ተቋቋሙት?

የናይሮቢው ሀበሻ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ናይሮቢ አብሮኝ የሚሰራ የናንዲ ልጅ አለ፣ በቀደም ካፕሳቤት አካባቢ ቤተሰቦቹ ጋ ይዞኝ ሄዶ ነበር። አያቱ እንግሊዝን ስለተዋጋው ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ ማውራት ሲጀምሩ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዝም አለ፣ ከመቶ አመት በፊት የሞተ ሰው ሳይሆን የትላንት ሀዘን ነው የሚመስለው። እኔ ከናንዲ የማውቀው ሯጮቹን ብቻ ነበር፣ ኪፕቾጌ ኬይኖ፣ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ፣ ዊልሰን ኪፕኬተር፣ በ2003 (በፈረንጅ) ፓሪስ ላይ ኤሊዩድ ኤል ገሩጅንና ቀነኒሳን ቀድሞ የገባባት 5 ሺህ ሜትር መቼም አትረሳኝም። ታሪካቸው ግን ባዶ ነኝ። ኮይታሌል ንጉስ ነበር ወይስ ቃልቻ ነገር? ንጉስ ከሌላቸው ማን ነበር የሚያስተዳድራቸው? ደግሞ አንዲት ጎረቤት እናት መጥተው ነበር፣ ጓደኛዬ "እሳቸው ሚስት አላቸው" አለኝ። ልጁ ፊት መጠየቅ ከበደኝ። የምታውቁ አስረዱኝ።

ታሪክ አንባቢ፦
ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮይታሌል ንጉስ አልነበረም፣ ኦርኮይዮት ነው የሚባለው። ትንቢት የሚናገር፣ ዝናብ የሚለምን፣ ዘመቻ የሚባርክ ሰው ማለት ነው፣ ወጣቶቹ ከብት ለመዝረፍ ሲወጡ የሱን ቡራኬ ሳይዙ አይሄዱም፣ ሲመለሱም ከምርኮው ድርሻ አለው። ኦርኮይዮት የሚወጣው ታላይ ከሚባለው ጎሳ ብቻ ሲሆን እነሱም ከማሳይ ላይቦኖች፣ ማለት ከማሳይ ትንቢት ተናጋሪዎች፣ ወገን የመጡ ናቸው። ህዝቡ ያከብራቸዋል ግን ይፈራቸዋልም።

ፍርሃቱ ምን ድረስ እንደሆነ ለማየት የኮይታሌልን አባት አሟሟት ማወቅ ነው። ኪምንዮሌ አራፕ ቱሩካት ይባላል። እሱ የባረከው ዘመቻ ከሽፎ ብዙ ወጣት አለቀ፣ በዚያ ላይ የከብት በሽታና ረሃብ መጣ፣ ጥፋቱን በሱ አሳበው በ1890 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው) የራሱ ህዝብ በዱላ ቀጥቅጦ ገደለው። ንጉስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይነካም። ሰውየው ከመሞቱ በፊት እሳትና ጭስ የሚተፋ የብረት እባብ ከምስራቅ ባህር ተነስቶ ምዕራብ ካለው ሀይቅ ውሃ ሊጠጣ ይመጣል ብሎ ነበር ይባላል። ከሞምባሳ የተነሳው የባቡር ሀዲድ በናንዲ ጥግ አድርጎ በ1901 ኪሱሙ ቪክቶሪያ ሀይቅ ዳር ደረሰ። እንግዲህ ኪምንዮሌ ያለው ሲፈፀም ያየ ህዝብ ምን እንደሚያስብ አስበው።

ጦርነቱ በ1895 ነው የጀመረው፣ እኛ ለአድዋ ስንዘጋጅ ማለት ነው። እስከ 1905 ድረስ እንግሊዝ አምስት ጊዜ የቅጣት ዘመቻ ላከባቸው። ናንዲዎች ጦርና ጋሻ ነው ያላቸው፣ ግን ኮረብታውንና ጫካውን ያውቁታል፣ ሌሊት ይመቱና ይጠፋሉ። የቴሌግራፍ ሽቦውን እየቆረጡ ለጌጥ ያደርጉታል፣ የሀዲዱን ብረት አውጥተው መሳሪያ ይቀጠቅጡበታል። ኮይታሌል መጨረሻ ላይ በጦር ሜዳ አልነበረም የሞተው። ጥቅምት 19 ቀን 1905 (በፈረንጅ) ሪቻርድ ማይነርትዝሃገን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ለሰላም ንግግር እንገናኝ ብሎ ጠራው፣ ሲገናኙ ኮይታሌልንና አብረውት የመጡትን ተኩሶ ገደላቸው። በሱ ላይ ሶስት ጊዜ ምርመራ ተደርጎ ሶስቱም ነፃ ነው አሉት፣ ቢሆንም በ1906 ከአካባቢው አስነሱት። ይሄው ሰው በኋላ የወፍ ተመራማሪ ሆኖ ከሙዚየም የወፍ ናሙና እየሰረቀ እኔ ነኝ የሰበሰብኩት ሲል እንደነበር ተረጋግጧል። ስለዚያ ቀን በራሱ ማስታወሻ የፃፈውን የሚያምኑ ሰዎች ይሄንንም ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የያቤሎ ልጅ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ በደንብ አስረድቷል፣ ማን ያስተዳድር ነበር የሚለውን እኔ ልጨምር። የእለት ተእለቱ ነገር የሚፈታው ኮክዌት ላይ ነው፣ የአንድ ሰፈር ሽማግሌዎች ዛፍ ስር ቁጭ ብለው የሚዳኙበት። ከሱ በላይ ፖሮሪየት የሚባል አለ፣ የብዙ ኮክዌት ስብስብ ነው፣ ወጣቶቹ የሚዘምቱትም በፖሮሪየት ነው፣ ኦርኮይዮቱ እዚያ ሁለት ወኪል ያስቀምጣል። አስር አመት የተዋጉት በዚህ ነው፣ አንድ ቤተ መንግስት የለም፣ ያንን ይዤ ጨረስኩ የምትለው ከተማ የለም።

ከሁሉ በላይ ግን የእድሜ እርከኑ ነው። እኔ ቦረና ስለሆንኩ ገዳ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ የነሱን ስሰማ ቤተሰብ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ሰባት ናቸው፣ ማይና፣ ቹሞ፣ ሳዌ፣ ኪፕኮይሜት፣ ካፕሌላች፣ ኪምኒጌ፣ ኒዮንጊ። ወንድ ልጅ ሲገረዝ በአንዱ ውስጥ ይገባል እስኪሞት ከሱ አይወጣም። የኛ ገዳ ስምንት ስምንት አመት ነው፣ የነሱ አንዱ እርከን ወደ 15 አመት አካባቢ ስልጣን ላይ ይቆያል፣ ሰባቱ ዞረው መጀመሪያው ስም እስኪመለስ ከመቶ አመት በላይ ይሄዳል። በእርከን እኩያህ የሆነ ሰው ሴት ልጅ እንደ ራስህ ልጅ ነች፣ ልታገባት አትችልም። የቋንቋ ሰዎች ደግሞ ናንዲዎች ያሉበት የካሌንጂን ህዝቦች ቀደምት አባቶች ከኩሽ ህዝቦች ጋር ረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖረው ብዙ ቃል ወስደዋል ይላሉ፣ ስለዚህ መመሳሰሉ ብዙም አይገርመኝም።

ስልጣን የሚረከቡበት ስርአት ሳጌት አብ ኤይቶ ይባላል። ነጭ ወይፈን ይታረዳል፣ ስጋውን ሽማግሌዎች ይበላሉ፣ ወጣቶቹ ከቆዳው ቀለበት ሰርተው የቀኝ እጃቸው ጣት ላይ ያደርጋሉ። ከዛ ኦርኮይዮቱ ባለበት ዘመናቸውን የጨረሱት የጦረኛ ልብሳቸውን አውልቀው የሽማግሌ ካባ ይለብሳሉ፣ ለተተኪዎቹ ሀገሩ በናንተ እጅ ነው ይባላሉ። በ1923 ሊያደርጉት ሲሰናዱ እንግሊዝ አመፅ ሊያስነሱ ነው ብሎ ከለከለ፣ መሪዎቹንም አሰረ። ይሄ እኔን ከጦርነቱ እኩል ያሳዝነኛል፣ ርክክቡ ሲቆም እኮ ህዝቡ ሰአቱ ነው የቆመበት።

ኤልዶሬት ነኝ፦
የሴትየዋን ጉዳይ እኔ ልመልስ፣ እዚህ ኖሬ ስላየሁት። ወንድሜ እንደ ሌላ ነገር እንዳታስበው፣ የፍቅር ጋብቻ አይደለም፣ የውርስ ጉዳይ ነው። በናንዲ ባህል አንድ ሰው ሁለት ሶስት ሚስት ካለው የእያንዳንዷ ቤት ከብትና መሬት ለየብቻ ነው፣ የሚወርሱትም የዛ ቤት ወንዶች ልጆች ናቸው። አንዷ ሚስት ወንድ ልጅ ሳትወልድ እድሜዋ ካለፈ የደከመችበት ሁሉ ለጣውንቶቿ ልጆች ሊሄድ ነው። ስለዚህ ጥሎሽ ከብቱን ከፍላ ወጣት ሴት ታገባለች። ከዛ በኋላ ትልቋ እንደ ባል ነው የምትቆጠረው፣ ወንድ ጋ አትደርስም፣ ልጆቹም እሷን ነው አባት የሚሏት። ወጣቷ የምትወልድለት ሰው ልጆቹ ላይ ምንም መብት የለውም። ለኔ ሴትየዋ ቤቷ እንዳይዘጋ ያበጀችው መንገድ ነው፣ ደፋር መንገድ። እንደ ድሮ ተረት ብቻም እንዳታየው፣ በ2011 ሞምባሳ የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በናንዲ ልማድ የተጋባች ሴት የባሏን፣ ማለት የሴት ባሏን፣ ንብረት መውረስ ትችላለች ብሎ ወስኗል።

ሙርሲክ የሚሉትን የረጋ ወተታቸውን አጠጡህ? ካልጠጣህ ተመልሰህ ሂድ። ቅሉን የሚያዘጋጁት ሴኔትዌት ከሚባል ቁጥቋጦ እንጨት ነው፣ ጫፉ ፍም እስኪሆን አቃጥለው ቅሉ ውስጥ ከተው ግድግዳውን እየፈተጉ ያደቁታል፣ ከዛ ወተቱ ገብቶ ቀናት ይቀመጣል። ሲቀዳ ግራጫ ነጠብጣብ አለበት፣ ከሰሉ ነው፣ እንዳትደነግጥ። እኛ በወይራ አጥነን የምናረጋው እርጎ ላደገ ሰው ወዲያው ይለመዳል። ሯጮቻቸው አሸንፈው ሲመጡ ኤርፖርት ላይ የሚቀርብላቸው እሱ ነው።

የናይሮቢው ሀበሻ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሙርሲኩን ጠጥቻለሁ እህቴ፣ ሁለት ኩባያ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከኮይታሌል በኋላ ቤተሰቡ ምን ሆነ? አያትየው "ልጁንም ወሰዱት" ብለው ነው የጨረሱት።

ታሪክ አንባቢ፦
ልጁ ባርሲሪያን አራፕ ማንዬይ ይባላል። ያቺ የ1923ቷ ስርአት ስትከለከል እሱን ነው ያሰሩት፣ የተፈታው በ1964 ነው፣ ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ። ከአርባ አመት በላይ! ማንዴላ 27 አመት ነው የታሰረው፣ የሱን አለም ሁሉ ያውቃል የባርሲሪያንን ግን ከሪፍት ቫሊ ውጪ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ኪፕሲጊስ የሚባሉት ጎረቤት ህዝቦች ጋ የሄደው የኮይታሌል ወንድም የኪፕቾምበር ወገኖች ደግሞ በ1934 በወጣ አዋጅ ተነቅለው ቪክቶሪያ ሀይቅ አጠገብ ጓሲ የሚባል በረሃማ ቦታ ተጣሉ፣ ብዙ ሰው በወባና በረሃብ አልቋል። የናንዲዎቹ መሬትም ከደቡብና ከምስራቅ በኩል ተቆርሶ ለነጭ ሰፋሪዎች ተሰጠ፣ ናንዲ ሂልስ ላይ የምታየው የሻይ እርሻ አብዛኛው የዛ ታሪክ ነው።

በ2006 የማይነርትዝሃገን ልጅ አባቱ ወስዷቸው የነበሩትን ሶስት የኮይታሌል በትሮች መልሷል። ራስ ቅሉንም ወደ እንግሊዝ ወስደውታል ብለው ያምናሉ፣ እስካሁን ይጠይቃሉ። ሌላ ጊዜ ስትሄድ ናንዲ ሂልስ ከተማ የኮይታሌል መታሰቢያና ሙዚየም አለ፣ ከካፕሳቤት በማታቱ (በሚኒባስ ታክሲ) ቅርብ ነው። አያትየው ጉልበት ካላቸው አብራችሁ ሂዱና እዛው ያውሩልህ፣ ከፈቀዱልህ በስልክህ ቅዳው።