ሴፍጋርድ ነው ወይስ አይደለም? የገባው ሰው ይርዳኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጽሑፌ ላይ አንድ ቦታ ተቀርቅሬያለሁ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ብሔራዊ ደኅንነቴን ላስጠብቅ ብላ በብረት ላይ 25፣ በአሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ ታሪፍ ጣለች። ቻይናና ቱርክ ግን ይሄ ሴፍጋርድ (የአገር ውስጥ አምራችን ከድንገተኛ የገቢ ዕቃ ጎርፍ ለመጠበቅ የሚጣል ጊዜያዊ ገደብ) ነው ብለው በሴፍጋርድ ስምምነቱ አንቀጽ 8 መሠረት የአጸፋ ታሪፍ ጣሉ። በ2023 የዓለም ንግድ ድርጅት ፓነሎች (የመጀመሪያ ደረጃ ዳኞች) ሁለቱም ላይ ፈረዱባቸው። ምክንያቱም አንቀጽ 11.1(ሐ) ስምምነቱ ከጋት (የታሪፍና ንግድ አጠቃላይ ስምምነት) አንቀጽ 19፣ ማለትም ከሴፍጋርድ አንቀጹ፣ ውጪ ባለ የጋት ድንጋጌ ለተወሰደ እርምጃ አይሠራም ይላል፤ አሜሪካ የያዘችው ደግሞ ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል ከጋት ግዴታ መውጣትን የሚፈቅደውን አንቀጽ 21ን ነው።

እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ግን በ2022 መጨረሻ ሌላ ፓነል፣ ያንኑ የአሜሪካ ታሪፍ አይቶ፣ አንቀጽ 21 አያድነውም ብሎ ነበር! ታዲያ የደኅንነቱ ምክንያት ከወደቀ በኋላ እርምጃው አሁንም "በአንቀጽ 21 የተወሰደ" የሚባለው እንዴት ነው? የወሰደው አገር ቃል ብቻ ይበቃል? በ2018 የኢንዶኔዥያ ብረት ጉዳይ ላይ የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል ያየው እኮ ስያሜውን ሳይሆን የእርምጃውን ዓላማና ይዘት ነው፤ የጋት ግዴታን ያቆማል ወይ፣ የታለመውስ ከባድ ጉዳትን ለመከላከል ነው ወይ ብሎ። እኔ ይሄኛው መንገድ ትክክል ይመስለኛል፣ አለበለዚያ አጸፋ የመመለስ መብቱ ባዶ ይሆናል።

አማካሪዬ የ2023 ፓነሎችንና የይግባኝ ሰሚውን አካል መንገድ አስታርቂ ብለውኛል። ይግባኝ ሰሚው አካል ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ስለቆመ ከላይ የመጣ መልስ የለም። ይሄን ክርክር የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ከየት ልጀምር?