የሥራ ስንብት ክፍያ ይበቃል ወይስ የሥራ አጥነት መድን ይቋቋም?

አወያይ (ደብረ ማርቆስ)፦
በአገራችን ሥራውን ላጣ ሰው በየወሩ ገንዘብ የሚከፍል የመንግሥት ቋት የለም፤ ያለው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ከራሱ ካዝና የሚከፍለው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። ይህ ይበቃል ወይስ አሠሪውም ሠራተኛውም የሚያዋጡበት መድን ሊቋቋም ይገባል? እድራችን ለሞት እንጂ ለሥራ ማጣት እንደማይደርስ ሁላችንም እናውቃለንና እርሱን እንተወው።

ጠበቃ (ፍኖተ ሰላም)፦
በመጀመሪያ ሕጉ የሚሰጠውን በቁጥር እንየው። የቀን አማካይ ደመወዙ 200 ብር የሆነና 6 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 6,000 ብር ያገኛል፤ ለተከታዮቹ 5 ዓመታት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የዚህ ሲሶ እየታከለ 10,000 ብር ይደመርለታል። ድርጅቱ ለዘለቄታው የተዘጋ ወይም ሠራተኛ የቀነሰ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 12,000 ብር ስለሚጨመር ድምሩ 28,000 ብር ይሆናል። ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። ችግሩ፣ ከፍ ያለው ክፍያ የሚጠየቀው ድርጅቱ በተዘጋበት፣ ካዝናውም በተራቆተበት ቀን መሆኑ ነው። አዋጁ የሠራተኛው ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች እንደሚቀድም ቢደነግግም፣ የሚሸጥ ንብረት ከሌለ ቅድሚያ ማግኘት በባዶ ገበታ ቀድሞ እንደ መቅረብ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ድርጅቱ በሚያተርፍበት ዘመን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ ከአሠሪው እጅ ውጭ ይቀመጥ እላለሁ።

የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት (ቢቸና)፦
ስሌትዎን አልቃወምም። ነገር ግን እኔ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የደመወዙን 11 በመቶ ለጡረታ አዋጣለሁ፤ ከእርሱም 7 በመቶ ይቆረጣል። ሌላ መዋጮ ሲታከል በስንብት ጊዜ የምከፍለው ይቀርልኛል ወይስ ሁለቴ ልከፍል ነው? ሁለተኛው ሥጋቴ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በትንሽ ከተማ ሁላችንም ዘመድ አማች ነን፤ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ልጅ አባቱን ልኮ «ተቀንሷል ብለህ ጻፍለት» ቢለኝ፣ ገንዘቡ ከእኔ ኪስ እስካልወጣ ድረስ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም። ዛሬ እምቢ የሚያሰኘኝ ከፋዩ ራሴ መሆኔ ነው።

ጠበቃ (ፍኖተ ሰላም)፦
በመጀመሪያው ነጥብ ተረትቻለሁ፤ መድኑ ከተቋቋመ የ60 ቀኑ ተጨማሪ ክፍያ ከአሠሪው ላይ ሊነሳ ይገባል። ስለ ሁለተኛው ግን፣ የስንብቱ ምክንያት ዛሬም ቢሆን የሚያከራክር ነው፤ 5 ዓመት ሳይሞላው በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በመልቀቁ ብቻ ስንብት ስለማያገኝ፣ በዚሁ ምክንያት ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ብዙዎች ናቸው።

የግንባታ ቀን ሠራተኛ (ሞጣ)፦
እናንተ የምትከራከሩት ስሙ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስላለ ሰው ነው። እኛ ክረምቱ ሲገባ ግንባታው ይቆማል፤ መስከረም ሲጠባ ሌላ ተቋራጭ ዘንድ እንሄዳለን። መዋጮው ከማን ላይ ሊቆረጥ ነው?

ጠበቃ (ፍኖተ ሰላም)፦
ወንድሜ፣ ውል በቃልም ይጸናል፤ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ መግለጫ ሊሰጥዎ ይገባል።

የግንባታ ቀን ሠራተኛ (ሞጣ)፦
ጋሼ፣ ያንን ወረቀት ጠይቆ በማግሥቱ ሥራ ላይ የዋለ ሰው አላየሁም።

አወያይ (ደብረ ማርቆስ)፦
ለዚህ ነጥብ እስካሁን በቂ መልስ አልቀረበም። መድኑን የሚደግፍ ሁሉ በመጀመሪያ ይህንን ይመልስ።

የቀድሞ የስፌት ሠራተኛ (ባሕር ዳር)፦
ክርክሩን ላለማቋረጥ በአጭሩ ልጠይቅ። ድርጅታችን ሠራተኛ ሲቀንስ ጥር 30 ተሰናበትሁ። ባለቤቱ «ገበያው ሲስተካከል እከፍልሻለሁ» እያሉ ይኸው ሰኔ ገባ። በደግ ጊዜ ያልከፉብኝን ሰው ከመክሰስ ብታገሥ ይሻላል?

ጠበቃ (ፍኖተ ሰላም)፦
እህቴ፣ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊፈጸም ይገባ ነበር፤ ስለዘገየም ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምርልዎ ይችላል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ የ3 ወር ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አልፏል፤ የስንብት ክፍያ ጥያቄ ግን 6 ወር ስላለው እስከ ሐምሌ 30 ጊዜ አለዎት። ትዕግሥትዎን የሚወዱ ከሆነ ባለቤቱ ዕዳውን አምነው በጽሑፍ ይፈርሙልዎ፤ ያን ጊዜ ይርጋው ይቋረጣል። ካልፈረሙ ግን ከሐምሌ አጋማሽ ሳያልፉ ክሱን ያስገቡ፤ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቁም።

የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት (ቢቸና)፦
እኔም አሠሪ ነኝና ልንገርሽ ልጄ፦ ሊከፍል ያሰበ ሰው ለመፈረም አያንገራግርም።