የጤና መድን እና የልጄ የአስም መድኃኒት

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ነን። የሰባት ዓመት ልጄ አስም አለበት፤ ሆኖም ጤና ጣቢያው በየቀኑ የሚሳበው ቤክሎሜታዞን አልቋል እያለ ሳልቡታሞል ብቻ ስለሚሰጠን፣ ሌላውን ከግል ፋርማሲ በኪሴ እገዛለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦ እኅቴ፣ ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል እንጂ በውስጡ ያለውን እብጠት አያክምም፤ ስለዚህ እብጠቱን የሚቀንሰውን ቤክሎሜታዞን ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጡ። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ እንደሌለ በማኅተም ጽፎ ወደ ሆስፒታል ሪፈር እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ቢሄዱ መድኑ ሙሉ ወጪውን አይሸፍንም።

መልስ 2፦ ስፔሰር (በመድኃኒት መንፊያው በኢንሄለሩና በልጁ አፍ መካከል የሚገባው ባዶ ቱቦ) ከተወደደብዎ፣ ቂጡ በኢንሄለሩ አፍ ልክ የተበሳ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያገለግላል፤ ለእኔ ልጅ ነርሷ ናት ያሳየችን።